የበሩ ቀለም

ከአዘዞ ዝቅ ብሎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጁ ሲመለስ «ውረዱ እንግዲህ፣ በቃ»፣
እዚያ ነው ትምህርት ቤቱ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ግማሹ ግንብ ሆኖ፣ ግማሹ የሾህ አጥር።

«አዲሱ ስም ይጻፍ፣ አሮጌው ይነሣ»
ብለው ሰጡኝ ዛሬ አንድ ጋሎን ጣሳ።
ደረሰኝ ካጣሁ ግን ብሩሹ ከኪሴ።
(ሁለቱን አሮጌ ስም የጻፍኩት እኔው ራሴ።)

አረንጓዴው ቀድሞ እንደ ድንች ተላጠ፤
«መሰናዶ» ያልኩት ከ«ሰ» ላይ ተቆረጠ።
በአረንጓዴው ዘመን፣ ተፈናቃይ ገብቶ በየክፍሉ ሲያድር፣
በጥቁር ሰሌዳ የዱቄት ልክ ነበር
በጠመኔ ተጽፎ፣ ስም በስም፣ ኪሎ በኪሎ፤
ጠረግነው በኋላ። አልጠፋም ጨርሶ።

ሰማያዊው ቀጠለ።
በአንድ ዴስክ አምስት፣ በአንድ መጽሐፍ ስምንት፣
የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባበት።
የላብራቶሪው ቧንቧ ውሃ አይቶ አያውቅም፤
መምህር አደራጀው ግን በጠመኔ ብቻ
አሲድ ሲያፈላልን፣ እጃችንን እንሰበስብ ነበር እንዳያቃጥለን።
«ቀለም ቆጠረ» ይላሉ ለተማረ ሰው።
እኔ ከአሥረኛ ወድቄ፣ ቀለም የቆጠርኩት
ዛሬ ነው፣ በመፋቂያ።

ከዚያ በታች ቀይ።
እዚህ ላይ እጄ ቆመ።
የዚያን ጊዜውን ስም አልደግመውም፤ ረጅም ነበር፣
ከበሩ ተርፎ ግንቡ ላይ የተጻፈ።
ያን ዓመት ክፍል አሥራ አንድ የሚቆለፈው ከውጭ ነው።
ታላቅ ወንድሜ ቢምረው፣ ደብተሩን ወገቡ ላይ ሽጦ፣
በዚህ በር ገባ።
ሪከርድ ክፍል ካርዱ አለ፤ ጠይቄ አይቼዋለሁ፤
ከሁለተኛው መንፈቅ ውጤት ትይዩ፣ በእርሳስ፣
«አቋርጧል» ይላል።
አንዲት ፊደል ናት የምትታረመው።
«አ» አይደለችም። «ተ» ናት።

ከቀዩም በታች ቀለም የለም፤ ቆርቆሮው ብቻ።
መንገድ ሠሪዎች የጣሉት የሬንጅ በርሜል
በአህያ መጥቶ፣ በድንጋይ ተቀጥቅጦ፣ በር የሆነ።
እንጨቱን ቄስ ሙጨ ከደጃቸው ቆረጡ፤
ሚስማሩን ሐጂ ኑርዬ በዱቤ ሰጡ (ዱቤው አልተከፈለም ይባላል)፤
ማጠፊያውን የቀጠቀጠው የወለቃ አንጥረኛ
አገሩን ከለቀቀ ስንት ዘመኑ፤
ማጠፊያው ግን አልለቀቀም።
ያኔ ስም አልነበረውም። «ትምህርት ቤቱ» ይሉት ነበር፣
ሌላ አልነበረማ።

እዚያ፣ ከታችኛው ጥግ፣
አንድ ልጅ ተንበርክኮ የሚደርስበት ቁመት ላይ፣
በምስማር ተጭሯል፦
«ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ አራት»
ከሥሩ ደግሞ በሌላ እጅ፣ ጠለቅ ተደርጎ፦
«ሃምሳ ስድስት። ደደብ።»

ሳቄን ሰምቶ ዘበኛው ፈንታሁን መጣ።
«ምን አገኘህ?»
«ምንም። ሂሳብ ነው።»
ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጣቱ ቆጠረ፣
«ልክ ነው» ብሎ ሄደ፤ የትኛውን እንደሆነ አልነገረኝም።

ቀባሁ። ነጭ በጥቁር፣ እንደታዘዝኩት።
ከታችኛው ጥግ ላይ ግን ቀለሙን ቀጠን አደረግሁት፤
በጀቱም አልበቃም።

ቸርኬው ተመታ፣ የጠዋት ፈረቃ ወጣ፦
ሹራብ፣ አቧራ፣ ጫጫታ።
አንዲት ቀጫጫ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆመች።
«ጋሼ፣ ‹ትምህርት› ላይ ‹ህ›ን ውጠዋታል።»

አየሁት። እውነቷን ነው።
«ትምርት ቤት» ብዬ፣ ልክ በአፋችን እንደምንለው።
ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ በጨርቅ ጠረግሁና
«ህ»ን ከመሃል አስገባኋት፤ ጠበባት፣
ረፍዶበት ዴስክ ላይ እንደሚሸጎጥ ተማሪ።

«አሁን ሆነ» አለች፣ ቦርሳዋን አቃንታ።

ደደብ አላለችኝም።